አንድ ሰው ያነሳታል

ሸህዬ ከመካ ወሰን ወጥተው አያውቁም ነበር። ለዑምራ መጥተው፣ የተፈቀደላቸው ጊዜ ሲያልቅ ሳይመለሱ ነካሳ ኮረብታ ላይ በአንድ ክፍል ቤት ከቀሩ ወዲህ፣ ይህም እኔ ከመወለዴ በፊት ነው፣ የሐረሙን፣ የተቀደሰውን ክልል፣ ወሰን አንድ ጊዜም አላለፉም። ምክንያታቸውን ደብቀውት አያውቁም። መካ ሞተው መካ መቀበር ነው የሚፈልጉት፤ ከአላህ የሚለምኑት ሌላ ነገር እንደሌላቸው ይናገሩ ነበር። ሞት ደግሞ ቀጠሮ አይሰጥም። ወሰኑን ለአንድ ሰዓት ጉዳይ ቢያልፉና በዚያች ሰዓት ቢመጣባቸው፣ የዚያ ሁሉ ዘመን ጥበቃ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ ጅዳ ሠርግ ሲጠሩ አይሄዱም፤ ለቅሶም አይሄዱም። ሁለቱንም ዐይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ለሕክምናም አልሄዱም።

እኔ የምኖረው ጅዳ፣ ሂንዳዊያ ሰፈር ነበር። እኛ መግሰላ በምንለው ልብስ ማጠቢያ ቤት የወንዶች ቶብ እተኩሳለሁ። ነጩ ረጅም ቀሚስ መጀመሪያ ኮሌታው፣ ቀጥሎ የእጅጌው ጫፍ፣ ከዚያ ትከሻው፣ በመጨረሻ ጀርባው ይተኮሳል። ቅደም ተከተሉን ያፋለሰ ሰው አንዱን ሲያስተካክል ሌላውን ይጨማድዳል። ትምህርቴን ያቋረጥኩት ገና በልጅነቴ ነው። ዐረብኛ ማንበብ የለመድኩት መግሰላው ውስጥ ከሚወድቅ ጋዜጣ ላይ ነው፤ የአማርኛ መጽሐፍ ደግሞ ከአገር የሚመጣ ሰው ባገኘሁ ቁጥር አስመጣለሁ። ከመጻሕፍቱ የምፈልገው አንድ ነገር ነበር፤ ሰው እንዴት ጥሩ ሰው ይሆናል የሚለውን። ያን ጊዜ መልሱ እንደ ቶብ አተኳኮስ ይመስለኝ ነበር። ደንቡን በትክክል ያወቀ ሰው ያበላሻል ብዬ አልጠረጥርም ነበር።

አርብ አርብ መካ የምሄደው ለዚሁ ነው። ጁምዓ ከሰገድኩ በኋላ ነካሳን ሽቅብ እወጣና ሸህዬ ኪታብ የሚያስተምሩበት ቂርአት ላይ እቀመጣለሁ። ሸህዬ ኪታቡን ማየት ስላቆሙ ከደረሳዎቹ፣ ከተማሪዎቻቸው፣ አንዱ ዐረብኛውን ያነባል፤ እሳቸው ቃል በቃል ወደ አማርኛ ይፈቱታል። የሚያነበው ብዙ ጊዜ ከደረሳዎቹ ትልቁ ነበር። ጅዳ ወደብ መጋዘን ውስጥ የሚሸከም፣ ከከፊሉ፣ ዋስ ሆኖ ካስመጣው አሠሪው፣ ከጠፋ ዓመታት ያለፉት፣ ወረቀት የሌለው ሰው ነው። ጆንያ ትከሻው ላይ አድርጎ ምዕራፍ በቃሉ ይዘልቃል ይሉታል፤ እሱም አይክድም። እኔ በማስታወስ ችሎታው እቀና ነበር። የእኔ ድርሻ ሌላ ነው። ሸህዬ ለሰላት ሊታጠቡ፣ ውዱእ ሊያደርጉ ሲነሱ ወይም መስጊድ ሲወርዱ እጃቸውን ይዤ እመራለሁ። ደረጃዎቹን ሁሉ፣ የትኛው እንደተሸረፈ፣ የትኛው ከሌላው ከፍ እንደሚል፣ በእግሬ አውቃቸዋለሁ።

ስለ ዐይናቸው አንድ ጊዜ ሞክሬ ነበር። ከመግሰላው ደንበኞች አንዱ የአዲስ አበባ ሰው፣ የዐይን ሐኪም ነበሩ። ሸሚዛቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ስለ ሸህዬ ነገርኳቸው። አምጣቸው፣ በአንድ ጠዋት የሚያልቅ ነገር ነው አሉኝ። ከመካ አይወጡም ስላቸው፣ እንግዲያው እኔ እሄድላቸዋለሁ አሉና ወዲያው ራሳቸው ሣቁ። ሐኪሙ ክርስቲያን ናቸው፤ መካ መግባት አይፈቀድላቸውም።

«እሳቸው አይወጡ፣ እኔ አልገባ» አሉ ሸሚዛቸውን እየተቀበሉ። «ይቺን ዐይን ወሰኑ ላይ አልጋ ዘርግተን ነው የምናያት።»

አርብ ዕለት ይህንን ለሸህዬ ስነግራቸው ደስ አላቸው። ሐኪሙ በወዲያ፣ የእኔ አልጋ በወዲህ ከሆነ እስማማለሁ፤ እጁን ብቻ ወደዚህ ይዘርጋልኝ አሉ። ከዚያ ሰላምታ ላኩላቸው። ሁለቱ ሳይተያዩ በእኔ በኩል ሰላምታ መለዋወጥ የጀመሩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ወረቀት የሌለውን ሰው የመያዝ ፍተሻ ከመጀመሩ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ የቀራነው ስለ ተገኘ ነገር የሚናገረውን ምዕራፍ ነበር። ሰው መንገድ ላይ የሌላ ሰው ዕቃ ቢያገኝ ምን ያደርጋል የሚለው ነው። ዕቃ ያነሳ ሰው ባለቤቱን እየጠራ ያስነግራል። ባለቤት ነኝ ባይ ሲመጣም ዝም ብሎ አይሰጠውም፤ የከረጢቱን መልክ፣ የማሰሪያውን ዓይነት፣ ምልክቱን እንዲናገር ይጠይቀዋል። በሌላ አገር የማስነገሩ ጊዜ ገደብ አለው፤ የመካ ዕቃ ግን ገደብ የለውም፤ እስከ መጨረሻው አስነግራለሁ ያለ ሰው ብቻ ነው የሚያነሳው። ይህንን ጉዳይ በጣም ወደድኩት። ጥርት ያለ ነበር።

የምዕራፉ ማብቂያ ዕቃ ሳይሆን ሰው ነው፤ ወድቆ ስለ ተገኘ ሕፃን ይናገራል። ሕፃኑን ማንሳት ባየው ሰው ሁሉ ላይ ግዴታ ነው፤ ግን ኪፋያ የሚሉት ዓይነት ግዴታ ነው። አንዱ ካነሳው ከሌሎቹ ይወድቃል። ማንም ካላነሳው ሁሉም ይጠየቁበታል። ትልቁ ደረሳ እዚህ ላይ ንባቡን አቁሞ ጠየቀ። ብዙ ሰው እኩል ቢያየው፣ ሁሉም ሌላው ያነሳዋል ብሎ ቢጠብቅስ? ሸህዬ ትንሽ አሰቡና ሣቁ።

«እንዲያ ያለ አገር የለም» አሉ። «ቀጥል።»

ቀጠለ።

ዘመኑ 2006 ዓመተ ምሕረት ገና የገባበት ነበር። ወረቀት አስተካክሉ ተብሎ የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አለቀና ፍተሻው ጀመረ። ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌለው፣ ኢቃማ ኖሮትም ከከፊሉ ውጪ ሲሠራ የተገኘ፣ ይያዝና ወደ ተርሂል ይወሰዳል። ተርሂል የምንለው ወደ አገር የሚመለሱ ሰዎች አውሮፕላን እስኪደርሳቸው የሚቆዩበት ግቢ ነው፤ ከመካ ወደ ጅዳ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከሐረሙ ወሰን ውጪ ይገኛል። የእኔ ከፊል የመግሰላው ባለቤት ስለሆነ ወረቀቴ ልክ ነበር። ጉብዝና አልነበረም፤ ዕድል ነው። ሂንዳዊያ ውስጥ ልብሳቸውን ሰጥተውን ሊወስዱ ያልተመለሱ ሰዎች ቁጥር በየቀኑ ሲጨምር መስቀያው ሞላብን። ለአንዱ ልብሱን ተርሂል ድረስ ወስጄለት ነበር። በሩ ላይ የቆመው ጠባቂ ኢቃማዬን አይቶ መለሰኝ። እዚህ የሚገባው የሚሄድ ሰው ብቻ ነው አለኝ።

ሸህዬ ኢቃማ አልነበራቸውም። ቂርአቱን ግን አላቋረጡም። መጋረጃ ዘግተን፣ ድምፅ ቀንሰን እንቀመጥ ነበር። ትልቁ ደረሳ የወደቡ ሥራ ስለቆመበት ያን ሰሞን እዚያው ነካሳ ያድራል። መስኮቱ ሥር ተቀምጦ አንዴ ኪታቡን፣ አንዴ በመጋረጃው ጠርዝ ደረጃውን ያያል።

ከሸህዬ ክፍል በታች አንዲት የወሎ ሴት ትኖር ነበር። ቀን ቀን ሰው ቤት እየሠራች የምትተዳደር፣ ባሏ ቀደም ብሎ አገር የገባ፣ ገና መናገር የጀመረች ሴት ልጅ ያላት። ለሸህዬ ሾርባ የምታመጣላቸው እሷ ናት። ልጅቱ መካ ተወልዳ ያደገች ስለሆነች የምትናገረው ዐረብኛ ብቻ ነው። እናቷ በአማርኛ ትጠራታለች፤ እሷ በዐረብኛ ትመልሳለች። ሸህዬን ትፈራቸው ነበር። ሞራ የሸፈነው ዐይናቸው ነጭ ስለሆነባት፣ ገና ሲያስሉ እናቷ ቀሚስ ውስጥ ትገባለች።

አንድ አርብ የከሰዓቱ አስር ሰላት ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ከታች ከመንገዱ የመኪና በር ሲዘጋ ሰማን። ቀጥሎ የሚሮጥ ሰው እግር። ቀጥሎ የአንዲት ሴት ድምፅ፣ ከዚያ ዝምታ። ትልቁ ደረሳ ንባቡን አቋረጠ። እኛም ትንፋሻችንን ዋጥን። ባስ ተነስቶ ሲሄድ ተሰማ። ያለፈ መሰለን።

ከዚያ ልጅቱ ማልቀስ ጀመረች። ዩማ፣ ዩማ ትላለች፤ እማዬ ማለቷ ነው። ድምፁ የሚመጣው ከደረጃው ነበር።

ሸህዬ ራሳቸውን ወደ መስኮቱ አዘነበሉ።

«ማነው የሚያለቅሰው?»

ትልቁ ደረሳ መጋረጃውን በጣቱ ገለጥ አድርጎ አየ። ጎረቤታችን ተይዛለች፣ ባሱ ይዟት ሄዷል፣ ልጅቱን ሳያዩዋት ደረጃው ላይ ቀርታለች አለ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ ሊያጽናናቸው ፈልጎ ጨመረ።

«አብሽሩ ሸህዬ፤ አንድ ሰው ያነሳታል።»

«ማን?» አሉ።

ወቀሳ ያለበት ጥያቄ አልነበረም። ስም የሚጠብቁ ይመስሉ ነበር።

«ደረጃው ላይ ሰው አለ?»

«የለም ሸህዬ።»

«በየመስኮቱስ?»

«አለ። በየመስኮቱ አለ።»

«ምን ያደርጋል?»

«ያያል» አለ ትልቁ ደረሳ።

የሸህዬን ፊት አይ ነበር፤ የተቆጣ ሰው ፊት አልነበረም። ደንግጠው ነበር። የቀራነው ምዕራፍ ትዝ ብሏቸው ይሁን፣ እንዲያ ያለ አገር የለም ያሉት ትዝ ብሏቸው ይሁን፣ አላውቅም። እጃቸውን ወደ እኔ ዘረጉ። ውዱእ ሊያደርጉ መስሎኝ ወደ ማሰሮው ልመራቸው ስል ወደ በሩ ሳቡኝ። ትልቁ ደረሳ አይውጡ ሸህዬ፣ ፖሊሶቹ ገና አልሄዱም፣ ሌላ ባስ ታች ቆሟል አላቸው። በጭንቅላታቸው እሺ አሉትና ወጡ።

ውጪ ስንወጣ ያየሁት እስከ ዛሬ ከዐይኔ አልወጣም። የነካሳ ቤቶች ኮረብታውን ይዘው እርስ በርስ ተደጋግፈው ነው የተሠሩት፤ ከአንዱ ደረጃ ብዙ መስኮት ይታያል። በእያንዳንዱ መስኮት መጋረጃው ሁለት ጣት ያህል ተከፍቷል። የበርማ ሰዎች ቤት፣ የሐውሳዋ አሮጊት ቤት፣ የእኛው ሰዎች ቤት። ፊቶቹን አውቃቸዋለሁ። ከአንዳንዶቹ ጋር ጎን ለጎን ሰግጃለሁ። አሮጊቷ እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ስትጠርግ አየኋት፤ በሌላው እጇ መጋረጃውን ይዛለች። ክፉ ሰው ቢኖርበት ኖሮ አልደነግጥም ነበር። ሁሉም ለልጅቱ ያዝኑ ነበር፤ ሁሉም ደንቡን ያውቁ ነበር፤ ሁሉም አንድ ሰው እስኪያነሳትና ከእነሱ ላይ እስኪወድቅ ይጠብቁ ነበር። የምወደው ጥርት ያለ ደንብ በየመስኮቱ ቆሞ አየሁት።

ልጅቱ የተቀመጠችው ተሸርፎ ከጠበበው ደረጃ ላይ ነው። የአንድ እግር ጫማዋ የለም። እናቷ ይዛው የነበረውን የተሚስ ዳቦ ታቅፋለች፤ ከዳቦ ቤት እየተመለሱ ሳለ ነው እናቷ የተያዘችው። ሸህዬ ሲቀርቧት ነጩን ዐይን አይታ እሪ አለች። ቆሙ። ፊታቸውን አዞሩ። ከእሷ አንድ ደረጃ ዝቅ ብለው፣ ጀርባቸውን ሰጥተዋት ተቀመጡና በዐረብኛ ቀስ ብለው ተናገሩ። እናትሽ ወዳለችበት መሄዴ ነው፤ ግን አላይም፤ ማን እንደሚመራኝ አላውቅም አሏት። አንድ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ጠበቁ። ለቅሶዋ ወደ ሳግ ተቀየረ። ሳጉም ቀነሰ። ከዚያ የእጃቸውን ትንሿን ጣት ያዘች።

በቀኝ እኔ፣ በግራ እሷ ሆነን መውረድ ጀመርን። ወደ ክፍላቸው እንደምንመለስ ነበር የማስበው። ወደታች መሆኑን ሳውቅ፣ ለእኔ ይስጡኝ፣ እኔ ኢቃማ አለኝ፣ እኔ አደርሳታለሁ አልኳቸው።

«በኢቃማ ተርሂል ያስገባሉ?»

እንደማያስገቡ ያውቃሉ። የጠባቂውን ቃል የነገርኳቸው እኔ ራሴ ነኝ። የሚገባው የሚሄድ ሰው ብቻ ነው። ወዴት እየሄዱ እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እግሬ ቆመ። እሳቸውም ስቆም ቆሙ።

«ወሰኑስ ሸህዬ?» አልኩ።

«እሱን ስንደርስ» አሉ፤ በእጃቸው ገፋ አድርገው አስቀጠሉኝ።

መንገዱ ላይ ሌላ ባስ ሰው እየጫነ ነበር። በሩ ላይ የቆመው አስከር፣ ፖሊሱ፣ ወጣት ነው፤ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። ሸህዬን ከእግር እስከ ራሳቸው አየና ያ ዐሚ አላቸው፤ አጎቴ ማለቱ ነው። ለምን እንደወረዱ ጠየቃቸው። ሸህዬ የኪታብ ዐረብኛ ነው የሚናገሩት፤ አስከሩ ሲሰማቸው ፈገግ አለ። የልጅቱ እናት ቅድም በሄደው ባስ ተወስዳለች፣ ወደ እናቷ ልወስዳት ነው አሉት። አስከሩ ወደ ግራና ቀኝ ተመለከተ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ልጅቱን ለእኔ ተውልኝና ወደ ቤትህ ውጣ፣ እኔ አላየሁህም አላቸው።

ይህንን ስሰማ በሆዴ አልሐምዱሊላህ አልኩ። ያለቀ መሰለኝ። ልጅቱም ትሄዳለች፣ ሸህዬም ይቀራሉ።

«በእናቷ እጅ ታስረክባታለህ?» አሉት።

አስከሩ አሰበ። ሊዋሽ ይችል ነበር፤ አልዋሸም። እስከ በሩ ድረስ መማል እችላለሁ፣ ከበሩ በኋላ ግን ማን ወዴት እንደሚወስዳት አላውቅም፣ ሴቶቹ ብዙ ናቸው አለ። ሸህዬ አመሰገኑት። አላህ ይባርክህ፣ እንግዲያው ካነሳሁ በኋላ እዚህ ላስቀምጣት አልችልም አሉ። እግራቸውን አንስተው የባሱን መወጣጫ በጫማቸው ጫፍ ፈለጉ። አስከሩ እኔን አየኝ። ኢቃማዬን አሳየሁት። አንተ ተመለስ አለኝ። እጃቸውን ለቀቅኩ። ልጅቱ አልለቀቀችም።

ትልቁ ደረሳ ሲሮጥ የደረሰው ያኔ ነው። የሸህዬን ዱላና የመስገጃ ጨርቃቸውን ይዟል። ትንፋሹ እየተቆራረጠ፣ አስከሩ ፊት መሆኑን ረስቶ ጮክ ብሎ ተናገረ።

«ሸህዬ፣ እኔ ልሂድ። እኔም ወረቀት የለኝም። ለእኔ ይስጡኝ።»

ሸህዬ ወደ ድምፁ ዞሩ። ዱላውን ተቀበሉት፤ ጨርቁንም ተቀበሉት። ሲያጽናኑን በሚናገሩበት በዚያው ድምፅ ነበር የመለሱለት።

«አንስቻታለሁ እኮ። ከአንተ ላይ ወድቋል።»

አስከሩ በሩን ዘጋው። ትልቁን ደረሳ ኢቃማ አልጠየቀውም፤ ፊቱን አዙሮ ወደ ፊተኛው መቀመጫ ሄደ። ባሱ ሲነሳ ሁለታችን ጎን ለጎን ቆመን ነበር። ወደ ላይ ቀና ስል መጋረጃዎቹ ሁሉ ተዘግተዋል።

ወደ ክፍሉ ተመለስን፤ ሌላ የምንሄድበት ቦታ አልነበረንም። ሌሎቹ ደረሳዎች ግድግዳውን ተደግፈው ተቀምጠዋል። ትልቁ ደረሳ በቦታው ተቀመጠ። ኪታቡን አልከፈተም። ዐይኑን ጨፍኖ ስለ ተገኘ ነገር የሚናገረውን ምዕራፍ ከመጀመሪያው ያዘው። ስለ ዕቃው፣ ስለ ከረጢቱ፣ ስለ ማሰሪያው፣ ስለ መካ ዕቃ፣ ስለ ሕፃኑ። እስከ መጨረሻው ዘለቀው። አንዲት ፊደል አልሳተም። ሲጨርስ እንደገና ከመጀመሪያው ጀመረ። አስር ሰላት እያለፈብን ማንም አቁም ሊለው አልቻለም።

በማግስቱ ካውያውን የአንድ ሰው ቶብ ጀርባ ላይ ረሳሁት። እንዲህ ያለ ነገር ደርሶብኝ አያውቅም። የተቃጠለው ጨርቅ ሲሸት እንኳ ከየት እንደሚሸት እየተዟዟርኩ እፈልግ ነበር። ሐኪሙ ሸሚዛቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ሸህዬ ከመካ ወጡ አልኳቸው። ሕክምናውን እሺ ያሉ መስሏቸው ደስ አላቸው፤ መቼ ታመጣቸዋለህ አሉኝ። የሆነውን ስነግራቸው ሸሚዙን መልሰው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከዚያ ደሴ የሚሠራ የሥራ ባልደረባ እንዳላቸው ነገሩኝ፤ ሲደርሱ ደውልልኝ አሉ።

ተርሂል ውስጥ የሆነውን የሰማሁት ከልጅቱ እናት ነው። አገር ከገባች በኋላ ደወለችልኝ። በሩ ላይ ወንዶች ወደ አንድ ወገን፣ ሴቶች ወደ ሌላ ወገን ይለያሉ። አንዲት ጠባቂ ልጅቱን ልትቀበል ስትመጣ ሸህዬ ለእናቷ ካልሆነ አልሰጥም ብለው ቆሙ። ኋላ የነበረው ሰልፍ ተጓተተ፤ ተጮኸባቸው፤ አልተንቀሳቀሱም። ይልቁንም ባለ በሌለ ድምፃቸው፣ ከነካሳ ደረጃ ላይ የተገኘች ልጅ፣ ባለቤቷ ወዴት ነሽ እያሉ ያስነግሩ ጀመር። ድምፃቸው በሴቶቹ አዳራሽ ተሰማ።

«በሰው ላይ ተረማምጄ ወጣሁ» አለችኝ። «ልጄ አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረው፣ ምልክቷን ንገሪ አሉኝ።»

«የምን ምልክት?»

«እኔም እንዲያ ነው ያልኳቸው። ሸህዬ፣ ሾርባ የማመጣልዎ እኔ ነኝ፤ አንገቴ ላይ ናት እኮ አልኩ። አላይም፣ ሁሉም ሴት እናት ነኝ ማለት ይችላል፣ ምልክቷን ንገሪ አሉ። አበዱ ብዬ ነበር ወላሂ። ቀኝ ክርኗ ላይ የሻይ ቃጠሎ አለ አልኩ። እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው ክርኗን ዳሰሱና፣ እውነት ነው፣ ውሰጃት አሉ። ከዚያ እንደ ልጅ አለቀሱ።»

በአንድ አውሮፕላን ነው የሄዱት። ሸህዬ ከዘመዶቻቸው በሕይወት የሚያውቁት አልነበረምና የሴትዮዋ አባት ቤታቸው ተቀበሏቸው። ደሴ ላይ ዐይናቸው ተከፈተ። ትልቁ ደረሳ ብዙ ሳይቆይ እጁን ሰጥቶ አገር ገባ፤ ኪታባቸውን ይዞላቸው ሄደ። እኔ ነካሳ መሄዴን አላቆምኩም፤ ክፍሉን ግን ሌላ ሰው ተከራይቶታል።

ሸህዬ አሁን የሉም። ወሎ ውስጥ፣ በሴትዮዋ አባት መንደር ተቀብረዋል፤ ከወሰኑ በጣም ርቀው። ከመሞታቸው በፊት የደወልኩላቸውን አንድ ቀን አልረሳም። ስልኩን ያነሳችው ልጅቱ ናት፤ የወሎ አማርኛ ለምዳለች። ጅዶ፣ የጅዳው ሰውዬ ነው ብላ ሰጠቻቸው። አያት የምትልበት ያ ቃል ብቻ ከዐረብኛዋ ቀርቷል።

ያነበብኳቸው መጻሕፍት በጎ የሠራ ሰው ልቡ ያርፋል ነው የሚሉት። ልክ መሆኑን ከእሳቸው አፍ ለመስማት ፈልጌ፣ ይቆጭዎታል ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው።

«ይቆጨኛል» አሉ፤ ጥያቄዬን አላስጨረሱኝም። ንጋት ላይ የሐረሙ አዛን የሚሰማቸው መስሏቸው እንደሚነቁ፣ ከዚያ የመንደሩን ዶሮ ሲሰሙ የት እንዳሉ እንደሚያስታውሱ፣ በየቀኑም እንደሚያለቅሱ ነገሩኝ። ታዲያ ተሳስቻለሁ ነው የሚሉት አልኳቸው።

«ይቆጨኛል አልኩህ እንጂ ተሳሳትኩ አልኩህ?»

ዶሮው ከኋላቸው ይሰማ ነበር። ከዚያ ያን ያህል ዘመን የፈሩትን ወሰን ባሱ ሲያልፍ ምን እንደተሰማቸው ጠየቅኩ። ይህንን ለመጠየቅ ብዙ ጊዜ ፈልጌ ፈርቼ ነበር። ሣቃቸው መጣ፤ ከዚያ ሣሉ።

«አላወቅሁትም» አሉ። «ልጅቱ እግሬ ላይ ተኝታ ነበር። እግሬ ደንዝዞ፣ ባንቀሳቅሰው ትነቃለች ብዬ እሱን እጨነቅ ነበር። አጠገቤ የተቀመጠውን ልጅ ወሰኑ ሲደርስ ንገረኝ ብዬው ነበር። በኋላ አልደረስንም ወይ ስለው፣ አባባ፣ ካለፍነው ቆየን አለኝ። ለምን አልነገርከኝም ስለው፣ ነግሬዎት ነበር፤ እርስዎ ግን ቀስ በል፣ ልጅቱን ትቀሰቅሳታለህ አሉኝ፣ አለኝ።»